መቀናጆ

ቤሉኖ ከተማ፣ ከተራሮች እግር ሥር፣
ኅዳር አጋማሽ ላይ፣ በረዶው ሲጀምር፣
ከጋራዡ ግንብ ላይ አንድ ቃል አነበብሁ፤
«ጎሚስታ» ይላል። ቆሜ ቀረሁ፣ ሳቅሁ።
ሞጆ መንገድ ዳር ላይ፣ ጎማ ተደርድሮ፣
በነጭ ቀለም፣ በብሩሽ ተሞንጭሮ፣
ይኸው ቃል ነበረ ከቤታችን ጎን፤
የኛ ቃል መስሎኝ ነው የኖርሁት፣ እስካሁን።

ኦሬስቴ ይባላል የጋራዡ ሰው፤
ክሪኩን አስገብቶ ፓንዳውን አነሣው።
«ቸርኬው ደህና ነው ወይ? ስኮርታስ አለን?» ብል፣
ቀና ብሎ አየኝ፣ ዘመዱን ያገኘ ይመስል።
«ቃላችንን ማን ሰጠሽ?» አለኝ እየሣቀ።
«ጎሚስታው» አልሁት። ሌላ አልጠየቀ።

ሲኞራ ኢዳ፣ ሰማንያ አራት ዓመቷ፣
በር ላይ ቆማለች፣ ቦርሳዋ ከደረቷ።
እኔ አስታማሚዋ፣ ሾፌሯ፣ ክኒን ቆጣሪ፣
ጎረቤት ሲታማም የሐሜት ተባባሪ።

ኦሬስቴ ጎማውን በጣቱ ዳሰሰ፤
ከኋላ ግራ ላይ ደርሶ እጁን መለሰ።
«ይህኛው አዲስ ነው፣ ጥርሱ ሙሉ ገና፤
ቀኙ ግን ድድ ብቻ፣ ጥርስ የለውምና፤
አንድ ብቻውን ማን ገዛ?»

ሲኞራ ቦርሳዋን ከፈተች፣ ዘጋች።
«ኤቶሬ ነው» አለች።
«መስከረም ላይ ነበር፣ ጡረታው ሲገባ፤
‹አንዱን አሁን› አለኝ፣ ‹ሌላውን ወር ሲጠባ።›»
ወሩ ጠባ።
ለኤቶሬ ግን አልጠባለትም።

ቆቡን አወለቀ፣ መልሶም ደፋው፤
ሐዘን ደርሶ ነበር፣ ሥራው ግን አልጠፋው።
«ፊትና ኋላው ቢለያይ፣ ይሁን፣ ይቻላል» አለ፤
«ግራና ቀኝ ግን፣ ባንድ አክስል ላይ ያለ፣
አንድ ልክ፣ አንድ ማርካ፣ አንድ ዓይነት ጥርስ ነው።
ዝናብ ላይ ፍሬን ሲያዝ፣ ጥርሳሙ መሬቱን ሲነክሰው
ድዳሙ ይከዳል፣ መኪናው ይሾራል፤
ከዚያ ወዲያማ መሪው መቁጠሪያ ይሆናል።»

ይህን ለመረዳት ጣልያንኛ አላስፈለገኝም።
አባቴ አንድ በሬ እንጂ ሁለት ኖሮት አያውቅም።
ዳለቻውን አውጥቶ፣ ከሽብሩ ቦራ ጋራ
መቀናጆ ገብቶ ባንድ ቀንበር ሲያሠራ፣
ያ ረጅም፣ ይህ አጭር፤ ቀንበሩ ሲጋደል፣
ትልሙ ወደ ሰው ድንበር ሲኮበልል፣
በየዓመቱ ጠብ፣ በየዓመቱ ሽማግሌ።
ታዲያ ጤፉ ይበቅል ነበር፤ ልዋሽ አልችልም።
ይህን ግን ለኦሬስቴ አልነገርሁትም።

«የዚህኑ ጓደኛ ፈልግለት» አለች።
መጋዘን ገባ፣ ስልክ ደወለ፣ ተከራከረ።
«ሥሪቱ ቀርቷል፤ ጥንድ አዲስ ይገዛ።»
«እሺ፣ አዲሶቹ ፊት ይግቡ፤ ፊት ነው የሚጎትት።»
ራሱን ነቀነቀ።
«ሲኞራ፣ የፊቱ ሲከዳ እጅዎ ያውቃል፣ መሪው ይነግርዎታል።
የኋላው ሲከዳ ማንም አይነግርዎትም፤
ብቻ የመጡበትን መንገድ
ፊት ለፊትዎ ተዘርግቶ ያዩታል።»

ዝም አለች። ረጅም ዝምታ።
ሁለት ወር ሙሉ የከረመችው ያንን መንገድ ስታይ ነው፤
ሌሊት መብራቷ ሲበራ እሰማለሁ።

«የፊቶቹስ?» አልሁት።
«አርጅተዋል፣ ግን እኩል። አንድ ክረምት ይችላሉ።
አብረው ያረጁ ጎማዎች ይመሳሰላሉ።»
ሒሳቡን ሲነግራት መነጽሯን አነሣች፤
«ይህን ቢሰማ ኤቶሬ፣ ደግሞ ይሞት ነበር» አለች።

የሱን ጎማ ግን ለማንም አልሰጠችም።
ስኮርታ ይሁን ተባለ፤ ስፍራው አልበቃውም፤
ከድንች ከረጢት ጋር ከኋላ ተጫነ።

ወደ ቤት ስንወጣ፣ በያንዳንዱ ኩርባ፣
ጎማው ይንሸራተታል፣ ግድግዳውን ይመታል።
ሲኞራ ዞር ትላለች፣ እጇን ወንበሩ ላይ ጭና፣
«ፒያኖ» ትላለች፣ «ፒያኖ።»

በጣልያንኛ ለሴትም ለወንድም ቃሉ አንድ ነው።
በኛ ቋንቋ ቢሆን ኖሮ
እለየው ነበር፣
«ቀስ በይ» ይሁን
«ቀስ በል»።